የመንጠቆ ጫና ምንድን ነው?

ጎጃም ውስጥ ፈረስ ጋሪ ጭኖ የሚያውቅ ሰው ነገሩን በእጁ ያውቀዋል። ጭነቱ ወደ ኋላ ሲያደላ ዘንጎቹ ሽቅብ ይነሡና የሆድ ማሰሪያው ፈረሱን ያንቀዋል፤ ወደ ፊት ሲበዛ ደግሞ ጀርባውን ያጎብጠዋል። ደኅና ባለጋሪ ጆንያውን ገፋ ሳብ አድርጎ ለፈረሱ ጥቂት ብቻ ያሸክመዋል። ጀልባ በተጫነበት ተጎታች ላይ ይህቺ ጥቂት ሸክም የመንጠቆ ጫና ናት፤ የተጎታቹ ጫፍ በመኪናው መንጠቆ ላይ ቁልቁል የሚያሳርፈው ክብደት ማለት ነው። ችግሩ፣ መኪና እንደ ፈረስ አያማርርም።

ለተጎታች በጥቅሉ ከጠቅላላ ክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ ይመከራል። ሞተሩ ከኋላ ለተሰቀለ ጀልባ ግን ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 10 በመቶ ይበቃል። የመኪናውና የመንጠቆው አምራች ከወሰነው ልክ ማለፍ ግን አይቻልም።

ጫናው ሲበዛ የመኪናው ኋላ ይረግጣል፣ የፊት ጎማዎቹ ይቀልላሉ፣ መሪው አልታዘዝ ይላል። ለእኔ የሚያስፈራው ማነሱ ነው። ተጎታቹ ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል፤ ፍጥነት ሲጨምር፣ ይልቁንም ቁልቁለት ላይ፣ መኪናውን ይዞት ይዞራል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደው ጠመዝማዛ ይህ የሚሞከርበት ቦታ አይደለም።

ጀልባው 900 ኪሎ፣ ተጎታቹ 300 ኪሎ ነው እንበል። ሜዳ ላይ አቁሞ፣ ጎማዎቹን በድንጋይ አስደግፎ፣ የሰው መመዘኛ ሚዛን ላይ ጠንካራ እንጨት አቁሞ ጫፉን በመንጠቆው ቁመት ማሳረፍ ነው። ሚዛኑ 60 ኪሎ ካሳየ 5 በመቶ መሆኑ ነው፤ ከዳር የቆመ ልክ። ከጎማዎቹ ዘንግ እስከ መንጠቆው 4 ሜትር ከሆነ፣ ጀልባውን 20 ሳንቲሜትር ወደ ፊት ማስጠጋት 45 ኪሎ ይጨምራል፤ 105 ኪሎ፣ ወደ 9 በመቶ ገደማ። አንድ ስንዝር ይህን ያህል ይሠራል!

ሚዛኑ የሚታመነው ግን ጀልባው ለጉዞ እንደሚጫነው ሆኖ ሲመዘን ነው። 100 ሊትር ቤንዚን 75 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ጋኑ ከጎማዎቹ ዘንግ 2 ሜትር ወደ ኋላ ከሆነ ከጫናው 37 ኪሎ ገደማ ይነሣል። በጀልባው ሆድ የቀረ ውሃ ደግሞ ከዚህ የባሰ አታላይ ነው። ሜዳ ላይ ጸጥ ብሎ ይተኛል፤ ድልድዩን ተሻግሮ የደጀን ዳገት ሲጀመር ሁሉም ወደ ኋላ ይጎርፋል። ስለዚህ የውሃ መውጫውን ቡሽ ከመነሣት በፊት መንቀል ነው። ጣና ዳር ሲደርሱ መልሶ መወተፉን እንዳይረሱት ብቻ።