የካውቦዮች ዘመን፤ ታሪኩና ግነቱ

ከሚሲሲፒ ወንዝ ማዶ ያለው የአሜሪካ ምድር በሰፋሪ፣ በከብት ነጂና በማዕድን ቆፋሪ የተጥለቀለቀው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ስለዚህ ዘመን የሚወራው ብዙው ነገር የተፈጠረው ገና ዘመኑ ሳያልፍ ነበር። ከ1860 ጀምሮ በዐሥር ሳንቲም የሚቸበቸቡ ቀጫጭን ልብ ወለዶች ሽፍታውንም ሸሪፉንም አገነኑ። ቡፋሎ ቢል የተባለው ዊልያም ኮዲም ከ1883 አንሥቶ ከከተማ ከተማ እየዞረ ውጊያውን የአደባባይ ትርኢት አደረገው። ካውቦይ ፊልም የወረሰው ይህንኑ ትርኢት ነው።

ከተኩስ ታሪኮች ሁሉ ስሙ የገነነው የቱምስቶኑ ነው። ኦክቶበር 26 ቀን 1881 በአሪዞናዋ ቱምስቶን ሕግ አስከባሪዎቹ የኧርፕ ወንድማማቾችና ወዳጃቸው ዶክ ሆሊዴይ «ካውቦይ» ከሚባሉት ከክላንተንና ከማክላውሪ ወገን ጋር ተታኮሱ። «የኦኬ ኮራል ውጊያ» ይባል እንጂ የተታኮሱት በረቱ ውስጥ አይደለም፤ ከበረቱ የኋላ በር ጥቂት ቤቶች አለፍ ብሎ፣ ከአንድ ፎቶ ቤት ጎን ባለ ጠባብ ክፍት ቦታ ላይ ነው። 30 ሰከንድ ገደማ ፈጀ፤ 30 ያህል ጥይት ተተኮሰ፤ 3 ሰዎች ሞቱ። የከተማዋ ፖሊስ አዛዥም ዝናው የናኘው ዋያት ኧርፕ ሳይሆን ታላቅ ወንድሙ ቨርጂል ነበር። ቂሙ የቆየ ቢሆንም የዕለቱ መነሻ የከተማዋ ደንብ ነው፤ ወደ ቱምስቶን የገባ ሰው መሣሪያውን ፈረስ ማሳደሪያ ወይም መጠጥ ቤት ማስቀመጥ ነበረበትና ቨርጂል የሄደው ትጥቅ ሊያስፈታ ነው። በካንሳስ ዶጅ ሲቲም ተመሳሳይ ክልከላ ነበር። የታሪክ ተመራማሪው ሮበርት ዳይክስትራ በካንሳስ አምስት የከብት ገበያ ከተሞች ከ1870 እስከ 1885 የተገደሉትን ቢቆጥር 45 ሰው ብቻ አገኘ።

መሣሪያው ራሱ ፊልሙን ይቃወማል። ጠንቃቃ ሰው የ1873ቱን ባለ ስድስት ጎራሽ ኮልት የሚያጎርሰው አምስት ጥይት ብቻ ነው፤ አንዱን ያጎርሳል፣ ቀጣዩን ቀዳዳ ይዘላል፣ አራቱን አከታትሎ ያጎርሳል፣ ከዚያ መዶሻውን (ጥይቱን መትቶ የሚያስተኩሰውን ክፍል) በባዶው ቀዳዳ ላይ ያሳርፋል። መዶሻው ጥይት ላይ ካረፈ ሽጉጡ ሲወድቅ ሊባርቅ ይችላልና። የዚያ ጊዜ ጥቁር ባሩድ ደግሞ ጥቂት ከተተኮሰ በኋላ ቦታውን በጭስ ይሸፍነዋል።

ስመ ጥሩው ሽፍታ ቢሊ ዘ ኪድ ግራኝ ነበር የሚለው ወሬ ከአንድ ፎቶ የመጣ ነው። ፎቶው በስስ ብረት ላይ የተነሣ ነው፤ እንዲህ ያለ ምስል እንደ መስታወት ግራና ቀኙን ያቀያይራል። ማረጋገጫው በእጁ የያዘው ዊንቸስተር ጠመንጃ ነው፦ የ1873ቱ ዊንቸስተር ጥይት ማጉረሻው በቀኝ ጎኑ ሆኖ ሳለ ፎቶው ላይ በግራ ይታያል። ምስሉ ሲገለበጥ ሽጉጡም ወደ ቀኝ ወገቡ ይመለሳል። «በ21 ዓመቱ 21 ሰው ገደለ» የሚባለውም ግነት ነው፤ ከባልደረቦቹ ጋር የተሳተፈበት ተቆጥሮ እንኳ ከ10 አይዘልም።

የሰፋሪዎችን ጋሪ የሚስቡት አብዛኛውን ጊዜ ፈረሶች ሳይሆኑ በሬዎች ነበሩ። ማታ ጋሪዎቹን በክብ መግጠምም በዋናነት ከብቱ እንዳይበተን ነው። በጉዞው ላይ ብዙ ሰው የጨረሰው ኮሌራ ነበር፤ የታሪክ ተመራማሪው ጆን ኡንሩህ እንደቆጠረው ከ1840 እስከ 1860 በነባር ሕዝቦች (በተለምዶ «ቀይ ሕንዶች» በሚባሉት) የተገደሉት ተጓዦች 362፣ በተጓዦች የተገደሉት ነባር ሰዎች ግን 426 ናቸው።

ከሁሉ የከፋው ግነት ግን የእልቂቱን ስም መቀየር ነው። ኖቬምበር 29 ቀን 1864 በኮሎራዶ ሳንድ ክሪክ፣ በኮሎኔል ጆን ቺቪንግተን የሚመራ ጦር የሰላም ምልክት ነጭ ጨርቅና የአሜሪካን ባንዲራ የሰቀለ የሸየንና የአራፓሆ ነባር ሕዝቦች ሰፈር ወርሮ ከ150 በላይ ሰው ፈጀ፤ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ሕፃናትና አረጋውያን ነበሩ። ካፒቴን ሳይላስ ሶል ወታደሮቹን እንዳይተኩሱ ከልክሎ፣ በምርመራውም ላይ መሰከረ፤ በኤፕሪል 1865 ዴንቨር ጎዳና ላይ ተገደለ። ጭፍጨፋውን የኮንግረስ አጣሪዎች በዚያው ዓመት አወገዙት። ያም ሆኖ በ1909 በዴንቨር የክልሉ ምክር ቤት ፊት የቆመው ሐውልት ሳንድ ክሪክን ከኮሎራዶ ወታደሮች ውጊያዎች አንዱ አድርጎ ጻፈው።