ስለ እንግሊዝኛ ፈተናና ስለ ድኅረ ምረቃ መግቢያ ደጋግሜ የምሰማቸው ስሕተቶች

ለሁለተኛና ለሦስተኛ ዲግሪ የሚያመለክቱ ሰዎችን አይኤልትስና ቶፍል ለሚባሉት የእንግሊዝኛ ፈተናዎች ማዘጋጀት ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። በእነዚህ ዓመታት ፈተናዎቹ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ሄደዋል፣ አንዳንዶቹም በሰዓት አጥረዋል፤ የተፈታኞቹ የተሳሳተ እምነት ግን አንድ ቃል ሳይጎድልበት ከአንዱ ዙር ተማሪ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ኖሯል። ከእነዚህ እምነቶች አብዛኞቹ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚታረሙ ናቸው። አንደኛው ግን ሰዎችን ወራት፣ አንዳንዴም ዓመት የሚያስከፍል በመሆኑ በእርሱ እጀምራለሁ።

«ውጤቴ ከፍ ባለ ቁጥር የመግባት ዕድሌ ይጨምራል»

አንድ ሲቪል መሐንዲስ ወደ እኔ የመጣው አይኤልትስን ተፈትኖ፣ ውጤቱንም በእጁ ይዞ ነበር። በማዳመጥ 8፣ በንባብ 8፣ በጽሕፈት 6.5፣ በንግግር 7 አግኝቶ አጠቃላይ ውጤቱ 7.5 ሆኗል። ሊያመለክትበት ያሰበው ትምህርት ክፍል የሚጠይቀው አጠቃላይ 7 ሲሆን፣ በየትኛውም ክፍል ከ6.5 ያላነሰ ነጥብ እንዲኖርም ይፈልጋል። መስፈርቱን አሟልቷል ማለት ነው። እርሱ ግን 8.5 ካላመጣ ከሌሎች አመልካቾች ጋር መወዳደር እንደማይችል አምኖ፣ ስምንት ወር አጥንቶ እንደገና ሊፈተን ቆርጦ ነበር። የምርምር ሐሳቡን ጽፎ እንደሆነ ስጠይቀው «እሱ ይደርሳል» አለኝ። አልደረሰም፤ የማመልከቻው ጊዜ ተዘጋበት።

በአብዛኞቹ የድኅረ ምረቃ ቅበላዎች የእንግሊዝኛ ውጤት የሚያገለግለው እንደ ወንፊት ነው። አንድ የአስተዳደር ሠራተኛ ማመልከቻውን ሲከፍት የሚያየው የተጠየቀው ነጥብ መሟላቱን፣ የምስክር ወረቀቱ ጊዜ አለማለፉንና ውጤቱ በቀጥታ ከፈተናው ተቋም የሚረጋገጥ መሆኑን ነው። እነዚህ ከተሟሉ ፋይሉ ወደ መምህራኑ ኮሚቴ ያልፋል። ኮሚቴው የሚነጋገርበት ጉዳይ ደግሞ አመልካቹ በመጀመሪያ ዲግሪው ምን ምን ትምህርቶች ወስዶ ምን እንዳመጣ፣ የምርምር ጥያቄው ከክፍሉ መምህራን ሥራ ጋር መገናኘት አለመገናኘቱ፣ የድጋፍ ደብዳቤ የጻፉለት ሰዎችም በእውነት የሚያውቁት መሆን አለመሆናቸው ነው። አማካሪ ለመሆን የሚያስብ ፕሮፌሰር «ይህኛው በንባብ ግማሽ ነጥብ ይበልጣል» ብሎ ተማሪ የሚመርጥ የሚመስለው ሰው፣ ኮሚቴው ምን ሊሠራ እንደሚሰበሰብ አስቦበት አያውቅም።

አንድ ልዩ ሁኔታ አለ፤ እርሱንም ሳልጠቅስ ባልፍ ትክክል አይሆንም። በብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የዶክትሬት ተማሪ ወጪው የሚሸፈነው የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎችን በማስተማር ረዳትነት እያገለገለ በመሆኑ፣ ለንግግር ክፍል ብቻ ከመደበኛው መግቢያ ከፍ ያለ ነጥብ ይጠየቃል። በዚህ መንገድ የሚያመለክት ሰው ንግግሩን ለማሻሻል ቢደክም ድካሙ ከንቱ አይደለም። ነገር ግን ይህም ቢሆን ሌላ ወንፊት ነው፤ ካለፉት በኋላ የሚጨመር ነጥብ የሚያስገኘው ነገር የለም።

ከዚሁ እምነት ጋር ተጣብቆ የሚመጣው ሌላው ጥፋት አጠቃላይ ውጤትን ብቻ ማየት ነው። የአይኤልትስ አጠቃላይ ውጤት የአራቱ ክፍሎች አማካይ ሆኖ ወደ ቅርቡ ግማሽ ነጥብ ይጠጋጋል፤ አማካዩ 6.25 የሆነ ሰው 6.5፣ 6.75 የሆነ ሰው 7 ይጻፍለታል። አሁን ሁለት ሰዎችን እናነጻጽር። የመጀመሪያው 8፣ 7.5፣ 6 እና 6.5 አግኝቶ አማካዩ 7 ሆኗል። ሁለተኛው 7፣ 7፣ 6.5 እና 7 አግኝቶ አማካዩ 6.875 ሲሆን፣ ሲጠጋጋ እርሱም 7 ነው። ከላይ በጠቀስኩት ትምህርት ክፍል ሁለተኛው ሲያልፍ የመጀመሪያው ይመለሳል፤ ምክንያቱም በጽሕፈት ያገኘው 6 ከዝቅተኛው ገደብ በታች ነው። የማዳመጥ 8 የጽሕፈትን ጉድለት በአማካዩ ላይ ይሸፍን ይሆናል፤ በገደቡ ላይ ግን አይሸፍንም። ይህን የተመላሽነት ደብዳቤ ደርሷቸው ያወቁ ተማሪዎች አሉኝ፤ ሁሉም መስፈርቱን አንብበናል ብለው ነበር፤ ያነበቡት ግን የመጀመሪያውን ቁጥር ብቻ ነው።

ስለዚህ የዝግጅት መጽሐፍ ከመግዛታችሁ በፊት የምታመለክቱበትን ትምህርት ክፍል ገጽ አንብቡ። ዩኒቨርሲቲው በጠቅላላው 6.5 ብሎ፣ የሕግ ወይም የጋዜጠኝነት ክፍሉ 7.5 ሊል ይችላል፤ የሚሠራው ከፍ ያለው ነው። ለእያንዳንዱ የፈተናው ክፍል የተጠየቀውን ነጥብ በወረቀት ላይ ጻፉ፤ ከዚያ የልምምድ ፈተና ወስዳችሁ ያገኛችሁትን ከጎኑ አስፍሩ። ልዩነቱ የት እንዳለ ይታያችኋል፤ የሚጠናውም እርሱ ነው። በማዳመጥ 8 ያመጣ ሰው በየቀኑ ማዳመጥን ሲለማመድ አያለሁ፤ የሚወደውን ክፍል እያጠና የሚፈራውን እየሸሸ መሆኑን ስነግረው ይቀየመኛል።

«ከባድ ቃላትና የተሸመደደ ድርሰት ነጥብ ያስጨምራሉ»

ይህ በጥንካሬው ሁለተኛው ነው። በአይኤልትስ የጽሕፈት ፈተና የሚታዩት ነገሮች አራት ናቸው፦ የተጠየቀው ተመልሷል ወይ፣ ሐሳቡ ተያይዞ ይፈስሳል ወይ፣ የቃላቱ ስፋትና አገባብ እንዴት ነው፣ ሰዋስዉስ? አራቱም እኩል ይመዝናሉ፤ ከባድ ቃል ቢረዳ እንኳ የሚረዳው በአንዱ ነው፤ በቦታው ካልገባ ደግሞ በዚያም ይጎዳል።

አንድ ጊዜ በአንድ ክፍል ያስተማርኳቸው ሦስት ልጆች የጻፉትን የልምምድ ድርሰት ጎን ለጎን አስቀምጬ አነበብኩ። ጥያቄው መንግሥት ያረጁ ሕንፃዎችን ለመጠገን ገንዘብ ሊያወጣ ይገባል ወይስ አይገባም የሚል ነበር። ሦስቱም የጀመሩት «ይህ ጉዳይ በአሁኑ ዘመን ከፍተኛ ክርክር ያስነሣ ሲሆን ባለ ሁለት አፍ ሰይፍ ነው» በሚል አንድ ዓይነት የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ነው። ያረጀ ሕንፃ እንዴት ባለ ሁለት አፍ ሰይፍ እንደሚሆን ብጠይቃቸው አንዳቸውም መልስ አልነበራቸውም፤ ዓረፍተ ነገሩን ያገኙት ስለ ኢንተርኔት ከተጻፈ የናሙና ድርሰት ነው። ልምድ ያለው አራሚ እንዲህ ያለውን ነገር በየቀኑ ስለሚያነብ በመጀመሪያው መስመር ይለየዋል። ሙሉ በሙሉ ተሸምድዶ የመጣ መሆኑ የተረጋገጠ መልስ በአይኤልትስ መመዘኛ የሚያገኘው ነጥብ ዜሮ ነው።

በአያያዥ ቃላትም ነገሩ ያው ነው። እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር «በተጨማሪም»፣ «ከዚህም ባሻገር»፣ «በሌላ በኩል» በሚሉት የእንግሊዝኛ አቻዎች መጀመር የሐሳብ ትስስር የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። በከፍተኛው የነጥብ እርከን የሚፈለገው ግን ትስስሩ የአንባቢን ዓይን የማይስብ መሆኑ ነው። ጊዜ ካላችሁ ናሙና ከመሸምደድ ይልቅ ጥያቄውን ሁለት ጊዜ አንብባችሁ፣ የምትሉትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጽፋችሁ ጀምሩ። ጊዜውንም አከፋፍሉ፦ ሁለተኛው የጽሕፈት ጥያቄ ቢያንስ 250 ቃል የሚጠይቅና ከመጀመሪያው ባለ 150 ቃል ጥያቄ እጥፍ የሚመዝን በመሆኑ፣ ከ60 ደቂቃው 40ው የእርሱ ነው።

«እንደ እንግሊዝ ወይም እንደ አሜሪካ ሰው ካልተናገርኩ ነጥብ ይቀነስብኛል»

አይቀነስም። የሚለካው ሰሚው ያለ ችግር የሚረዳችሁ መሆኑ ነው። ቅላጼ ለመምሰል ሲታገሉ የቃላቱን መጨረሻ የሚውጡ ተማሪዎች በተፈጥሯዊ አነጋገራቸው ቢቆዩ የተሻለ ይሰሙ ነበር።

«ፈታኙ አቋረጠኝ፤ ስለዚህ አልወደደኝም»

የአይኤልትስ ንግግር ከ11 እስከ 14 ደቂቃ ብቻ የሚቆይ፣ በሦስት የተከፈለ ቃለ መጠይቅ ነው። በሁለተኛው ክፍል አንድ ደቂቃ ተዘጋጅቶ እስከ ሁለት ደቂቃ የሚናገር ሰው፣ ሁለት ደቂቃው ሲሞላ ይቋረጣል። ፈታኙ የሚመለከተው ሰዓቱን ነው። የሐሳባችሁ ትክክለኛነትም አይመዘንም፤ ከፈታኙ ጋር ባትስማሙ አንዳች ነገር አትከስሩም።

«ፈተናውን ወደቅኩ»

በእነዚህ ፈተናዎች ማለፍና መውደቅ የሚባል ነገር የለም። 6 ለአንዱ ትምህርት ክፍል በቂ፣ ለሌላው የማይበቃ ቁጥር ነው።

«ስሳሳት ነጥብ ስለሚቀነስ ያላወቅኩትን እተወዋለሁ»

በአይኤልትስ ንባብና ማዳመጥ ለስሕተት የሚቀነስ ነጥብ የለም። ባዶ የተተወ መልስ ሁልጊዜ ዜሮ ነው፤ ስለዚህ ገምቱ።

«ቶፍል ለአሜሪካ፣ አይኤልትስ ለእንግሊዝ ነው»

ቶፍል ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአሜሪካ፣ አይኤልትስ ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከእንግሊዝ በኩል የመጡ መሆናቸው እውነት ነው። ዛሬ ግን በሁለቱም አገሮች ያሉ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ሁለቱንም ይቀበላሉ። የቪዛ ደንብ የራሱ ጉዳይ ስለሆነ ለብቻው ይጣራ። የቱ ይቀላል ለሚለው የምመልሰው በጥያቄ ነው፦ ከሰው ጋር ፊት ለፊት መነጋገር ይሻላችኋል ወይስ ለማይክሮፎን መናገር? የመጀመሪያው አይኤልትስ፣ ሁለተኛው ቶፍል ነው። ቶፍልን የመረጠ ሰው ደግሞ አሮጌ መጽሐፍ እንዳይዝ እመክራለሁ፤ ፈተናው በ2023 እ.ኤ.አ. ወደ ሁለት ሰዓት ገደማ አጥሯል፣ ከጥር 2026 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ የቆየው ከ120 የሚሰጠው ነጥብ ከ1 እስከ 6 በሚሄድ መለኪያ ተተክቷል፤ ለሽግግሩ ጊዜ የቀድሞው አቻ ድምር አብሮ ይገለጻል። ዱዎሊንጎ የሚባለው ሌላው የእንግሊዝኛ ፈተናም በብዙ ቦታ ተቀባይነት አለው፤ በብዙ ቦታ ማለት ግን በሁሉም ትምህርት ክፍል ማለት አይደለም።

«አይኤልትስ አንድ ነው»

ሁለት ነው፤ አካዳሚክና ጄኔራል ትሬኒንግ። ለድኅረ ምረቃ የሚፈለገው አካዳሚኩ ነው። በምዝገባ ጊዜ የተሳሳተችውን ሣጥን መርጣ፣ ጥሩ ውጤት አምጥታ፣ ዩኒቨርሲቲው የመለሰባት አንዲት ነርስ አውቃለሁ፤ ሁሉንም ከመጀመሪያው ጀምራለች።

«ጂአርኢ ከወሰድኩ የእንግሊዝኛ ፈተና አያስፈልገኝም»

ጂአርኢ እንግሊዝኛን አፍ የፈቱበትም የሚፈተኑት የችሎታ ፈተና ነው። አንዱ የሌላውን ቦታ አይተካም።

«በእንግሊዝኛ ስለተማርኩ ከፈተናው ነፃ ነኝ»

አንዳንዴ እውነት፣ አንዳንዴ ምኞት ነው። የቀድሞ ትምህርታቸው በእንግሊዝኛ መሆኑን ከሬጅስትራር የተጻፈ ደብዳቤ ላቀረቡ አመልካቾች ፈተናውን የሚያስቀሩ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። ሌሎች ይህን የሚፈቅዱት በስም ለዘረዘሯቸው አገሮች ተመራቂዎች ብቻ ነው፤ ደብዳቤውን ጨርሶ የማይቀበሉም አሉ። የሚወስነው ዩኒቨርሲቲው እንጂ አመልካቹ ስላልሆነ፣ ማመልከቻው ከመዘጋቱ ሁለት ወይም ሦስት ወር ቀደም ብሎ በኢሜይል ጠይቆ መልሱን በጽሑፍ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። መልሱ አይሆንም ከሆነ ተመዝግቦ ለመፈተንና ውጤት ለመጠበቅ ጊዜ ይተርፋል። በመጨረሻው ሳምንት የሚጠይቅ ሰው መልሱ ምንም ቢሆን ሊጠቀምበት አይችልም።

«አንዴ ከተፈተንኩ ወረቀቱ የዕድሜ ልክ ነው»

የሚያገለግለው በአብዛኛው ለሁለት ዓመት ነው፤ ቋንቋ ካልሠሩበት ይደበዝዛልና። ሁለቱ ዓመታት የሚቆጠሩት እስከ ማመልከቻው ቀን ይሁን እስከ ትምህርቱ መጀመሪያ ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ ይለያያል፤ ስለዚህ ቀኑን አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

መሐንዲሱ ከስምንት ወር በኋላ እንደገና ተፈትኖ በማዳመጥ 8፣ በንባብ 7.5፣ በንግግር 7፣ በጽሕፈት ግን 6 አመጣ፤ አጠቃላዩ ወደ 7 ወረደ። ድርሰቱን በከባድ ቃላት አጭቆት እንደነበር ራሱ ነገረኝ። በተከታዩ ዓመት የምርምር ሐሳቡን ጽፎ ሲያመለክት ከማመልከቻው ጋር ያያዘው የመጀመሪያውን ወረቀት ነው፤ ሁለት ዓመት ሊሞላው ስድስት ሳምንት ሲቀረው።