የቲቤት መነኮሳት ክርክር ምንድን ነው?

ስለ ቲቤት ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሲነገር ብዙ ጊዜ ነገሩ ያው ነው። የኤቨረስት ፎቶ፣ በነፋስ የሚውለበለቡ ባለቀለም ባንዲራዎች፣ ዓይኑን ጨፍኖ የተቀመጠ መነኩሴ። ተማሪውም «ቲቤት ማለት ዝምታ ነው» ብሎ ይወጣል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ትምህርቱ ከጩኸት ቢጀምር ይሻላል።

ከትልልቆቹ የቲቤት ገዳማት ወደ አንዱ በክርክር ሰዓት ብትገቡ የሚቀበላችሁ ጫጫታ ነው። መነኮሳቱ ጥንድ ጥንድ ሆነው ግቢውን ሞልተውታል። ከሁለቱ አንዱ መሬት ላይ ተቀምጧል፤ ሌላው ፊቱ ቆሟል። የቆመው ወደ ኋላ ሄድ ይልና ግራ እግሩን አንስቶ መሬቱን ይመታል። በዚያው ቅጽበት ቀኝ እጁን ከላይ አምጥቶ በግራ መዳፉ ላይ ጷ! ያደርገዋል። ጥያቄውም አብሮ ይወረወራል። የማያውቅ ሰው ተጣልተው ሊመስለው ይችላል። ግን ክፍል ውስጥ ናቸው፤ ትምህርታቸው ይሄ ነው።

የቲቤት መነኮሳት ክርክር እንግዲህ በጥያቄና መልስ የሚካሄድ የሎጂክ ትምህርት ነው። እኛ በትምህርት ቤት ክበብ ከምናውቀው ክርክር ጋር አታምታቱት። ደጋፊና ተቃዋሚ ቡድን የለም። ደቂቃ ተቆጥሮለት ንግግር የሚያደርግ የለም። የተቀመጠው መላሽ አንድ አቋም ይይዛል፤ ያንን አቋም መጠበቅ የእሱ ዕዳ ነው። የቆመው ጠያቂ ግን በምንም ነገር ማመን አይጠበቅበትም። ሥራው አንድ ነው፤ መላሹን ከራሱ ቃል ጋር ማጋጨት።

ጠያቂው «ይሄ ነገር እንዲህ ነው፣ ምክንያቱም እንዲያ ስለሆነ» ይላል። ምክንያት ሳይሰጥ ከቀረ መላሹ «ለምን?» ብሎ ያስጨንቀዋል። ምክንያት ከተሰጠ ግን መደበኛዎቹ መልሶች ሦስት ናቸው። «ዶ»፤ እቀበላለሁ። «ታክ ማ ድሩፕ»፤ ምክንያትህ ልክ አይደለም። «ክያፕ ማ ጁንግ»፤ ምክንያትህ ልክ ነው፣ ግን ያልከው ነገር ከእሱ አይከተልም። በቃ። ነገር ማስረዘም፣ «እሱ እንኳን እንደ ሁኔታው ነው» ብሎ ማምለጥ የለም።

ጀማሪዎች የሚለማመዱት በሃይማኖት ጥልቅ ጉዳይ እንዳይመስላችሁ። የሚጀምሩት በቀለም ነው። መላሹ «ቀለም የሆነ ሁሉ ቀይ ነው» ብሎ ይቀመጣል። ጠያቂው ለጸሎት የሚነፋውን ነጭ የባሕር ዛጎል ያመጣል። «የነጩ ዛጎል ቀለም ቀይ ነው፣ ምክንያቱም ቀለም ስለሆነ!» ጷ! መላሹ «ምክንያትህ ልክ አይደለም» ቢል የዛጎሉ ቀለም ቀለም አይደለም ማለቱ ነው። «አይከተልም» ቢል ቅድም በራሱ አፍ ያለውን ይክዳል። «እቀበላለሁ» ቢል ደግሞ ነጩን ቀይ አለ። የትም መሄጃ የለም። ይሄኔ ጠያቂው የቀኝ እጁን ጀርባ በግራ መዳፉ ላይ እየመታ «ጻ!» ብሎ ይጮኻል። ተሸንፈሃል፣ ራስህን ክደሃል እንደማለት ነው።

ቀላል ነገር መሰላችሁ? እስቲ «ነጭ ፈረስ ነጭ ነው?» ተብላችሁ ብትጠየቁስ? አብዛኞቻችን «አዎ፣ ታዲያስ!» ነው የምንለው። ተይዘናል። በዚህ ትምህርት ነጭ ማለት የቀለም ዓይነት ነው፤ ፈረስ ደግሞ ሕይወት ያለው ፍጡር ነው። የፈረሱ ቀለም ነጭ ነው፤ ፈረሱ ራሱ ግን ቀለም አይደለም። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ በዚህ ከተፈተነ በኋላ ስለ ነፍስና ስለ ህላዌ ሲጠይቁት ቃሉን መዝኖ ነው የሚናገር።

ጭብጨባውም ትርጉም አለው። ከጭብጨባው በኋላ ወደ ፊት የሚዘረጋው ግራ እጅ ከሞት በኋላ በክፉ ሁኔታ ዳግመኛ ወደ መወለድ የሚያስገባውን በር ይዘጋል ይላሉ። ወደ ላይ የሚመለሰው ቀኝ እጅ ደግሞ በመከራ ያሉትን ፍጥረታት ያነሳል። መቀስቀሻም ነው ልበል፤ እንዲያ እየተጮኸብህ እንቅልፍ የት ይመጣል?

ወደ ታሪኩ እንግባ፤ ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የሎጂኩ ሥር ሕንድ ነው፤ በተለይ ዲግናጋና ዳርማኪርቲ የተባሉት የቡድሂዝም ፈላስፎች። ቲቤት ውስጥ ስመ ጥር የሆነው ትልቅ ክርክር የተደረገው በ8ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ በንጉሥ ትሪሶንግ ዴትሰን ዘመን፣ በመጀመሪያው የቲቤት ገዳም በሳምዬ ነው። ሕንዳዊው ካማላሺላ መገለጥ፣ ማለትም ነቅቶ እውነትን ማየት፣ በደረጃ ነው የሚመጣ አለ። ቻይናዊው መነኩሴ ሞሄያን በቅጽበት ነው አለ። የቲቤት መጻሕፍት ሕንዳዊው አሸነፈ ይላሉ። ቻይና ውስጥ ካለው ከዱንሁዋንግ ዋሻ የተገኘው የቻይንኛ ጽሑፍ ደግሞ ያሸነፈው ሞሄያን ነው ይላል። የዘመናችን ታሪክ ጸሐፊዎች ሁለቱ ፊት ለፊት መገናኘታቸውንም የሚጠራጠሩ አሉ። ለታሪክ መምህር ከዚህ የተሻለ ሲሳይ የለም።

ክርክሩን አሁን ባለው መልኩ ያስያዘው በ12ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ቻፓ ቾኪ ሴንጌ ነው ይባላል። ቦታው በ1073 የተመሠረተው የሳንግፑ ገዳም ነበር። ቀጥሎ በቲቤት ዋና ከተማ በላሳ አካባቢ ሦስቱ ታላላቅ ገዳማት ተነሱ፤ ጋንደን በ1409፣ ድሬፑንግ በ1416፣ ሴራ በ1419። እንደ ዩኒቨርሲቲ ቁጠሯቸው። በእነሱ ሥርዓት ጌሼ የተባለውን ማዕረግ ለማግኘት አሥራ አምስት፣ ሃያ ዓመት መማርና መከራከር ያስፈልጋል።

የቲቤት ቡድሂስቶች መንፈሳዊ መሪ የሆኑት የአሁኑ ዳላይ ላማም በዚህ ፈተና አልፈዋል። በ1959 መጀመሪያ፣ በላሳው ጆካንግ ቤተ መቅደስ፣ በታላቁ የጸሎት በዓል ላይ፣ በሺዎች በሚቆጠሩ መነኮሳት ፊት ተከራከሩ። ዕድሜያቸው 23 ነበር። ጊዜ አልሰጣቸውም። መጋቢት ውስጥ ላሳ ላይ በቻይና አገዛዝ ላይ አመፅ ተነሳ፤ እሳቸውም ወደ ሕንድ ተሰደዱ። ቲቤት ውስጥ የቀሩት ገዳማት፣ በተለይ ከ1966 በኋላ በቻይናው የባህል አብዮት፣ ተዘጉ፤ ብዙዎቹም ፈረሱ። ስደተኞቹ መነኮሳት በደቡብ ሕንድ ካርናታካ ውስጥ ሴራን ባይላኩፔ፣ ድሬፑንግንና ጋንደንን ሙንድጎድ ላይ እንደ አዲስ መሠረቱ። ዛሬ ላሳ ያለው ሴራም ግቢው እንደገና ይጮኻል፤ ዙሪያውን ካሜራ የደገነ ቱሪስት ቢበዛም።

ሴቶችስ? ለዘመናት በሩ ተዘግቶባቸው ቆይቷል። በ2011 አንዲት ጀርመናዊት መነኩሲት የጌሼን ማዕረግ አገኘች። በ2016 ደግሞ 20 ቲቤታውያንና የሂማላያ አካባቢ መነኮሳይት ጌሼማ፣ ማለትም ሴት ጌሼ፣ ተብለው ተመረቁ። ዘግይቷል፤ ቢሆንም ደርሷል።

መምህር ከሆናችሁ ይሄን ነገር በቃል ብቻ አትንገሩ፤ አሠሯቸው። አንዱን ተማሪ አስቀምጡ፣ አንዱን አቁሙ፣ ሦስቱን መልሶች ሰሌዳ ላይ ጻፉ። ርዕሱ ከባዮሎጂ ይሁን። «እንቁላል የሚጥል እንስሳ ሁሉ ወፍ ነው» ይበል የተቀመጠው። «አዞ ወፍ ነው፣ ምክንያቱም እንቁላል የሚጥል እንስሳ ስለሆነ!» ይበል የቆመው። ክፍሉ ይስቃል፤ የተቀመጠው ግን ያስባል። ጭብጨባውን ይሞክሩት፤ የሃይማኖት ሥርዓት መሆኑን ግን አስቀድማችሁ ንገሯቸው፣ ወደ ፌዝ እንዳይሄድ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ቦታ ይቀያየሩ፤ አለበለዚያ ጮክ ብሎ የሚናገረው ልጅ ብቻ ይነግሥበታል።

ሲለምዱት የሳምዬን ጉዳይ ስጧቸው። «አሸነፍኩ ብሎ የጻፈ ወገን ሁሉ አሸንፏል» የሚል አቋም ይዞ የሚቀመጥ ደፋር አይጠፋም። ጠያቂው ሁለቱንም ጽሑፎች በእጁ ይዟል።