የራስ ቆዳ ሕመሞችና ሕክምናቸው በኢትዮጵያ

የራስ ቆዳ ሕመም ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ፎረፎርን ነው። ሐኪም ዘንድ ግን ጭርት፣ ላሽ፣ ሶሪያሲስ (ቆዳ እየወፈረ የሚቀረፍበት ሕመም)፣ ከሹሩባ የሚመጣ መሳሳትና ሌላም ይታያል። ሕክምናው እንደ ሕመሙ ብቻ ሳይሆን እንደ ፀጉሩም ይለያያል።

ድሮ እሬት ይቀባ፣ ላሽም በነጭ ሽንኩርት ይታሽ ነበር። ሽንኩርቱ ቆዳ ያቃጥላል፤ ዛሬም የሚሞክረው አለ። በዘመናዊው ሕክምና ቀድሞ የሚነሳው አለርት ሆስፒታል ነው፤ የአዲስ አበባ ሰው ዘነበወርቅ የሚለው። በ1958 ዓ.ም. ለሥጋ ደዌ ተብሎ ተቋቋመ፤ ዛሬ ለማንኛውም የቆዳ ሕመም ከየክፍለ ሀገሩ የሚመጣበት አንጋፋ ቤት ነው። ደሴ አጠገብ ያለው ቦሩ ሜዳም በዚሁ ይታወቃል።

ብዙ የተጻፈለት ጭርት ነው። ፈንገስ ሲሆን በብዛት ልጆችን ይይዛል። የሰፈር ልጆች በአንድ ምላጭ ሲላጩ ወይም ቶንዶዝ ሳይጸዳ ከራስ ራስ ሲዞር ይጋባል። እኛ ጋ የሚበዛው ትራይኮፋይተን ቫዮላሲየም የሚባለው ዝርያ ነው። ፀጉሩን ከውስጥ ስለሚበላው ከሥሩ ይቆረጥና ጥቁር ነጥብ ብቻ ይቀራል። በዉድ መብራት (ፈንገስ ለመለየት በሚያገለግለው የአልትራቫዮሌት መብራት) አያበራም። ስለዚህ መብራቱ ምንም ባያሳይም ቅርፊቱና የተሰበረው ፀጉር ተፍቆ በማይክሮስኮፕ መታየት አለበት።

መድኃኒት ባልነበረበት ዘመን ፀጉሩ በኤክስሬይ ይረገፍ ነበር። እስራኤል በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በዚህ መንገድ ያከመቻቸው ልጆች አብዛኞቹ ከሰሜን አፍሪካና ከመካከለኛው ምሥራቅ የመጡ ነበሩ። ጨረሩ ለአንጎል ዕጢና ለታይሮይድ ካንሰር እንደሚያጋልጥ ስለተረጋገጠ በ1994 (እ.ኤ.አ.) የካሳ ሕግ ወጣላቸው። በ1958 (እ.ኤ.አ.) ግሪሲዮፉልቪን የተባለው የፈንገስ መድኃኒት በአፍ መሰጠት ሲጀምር ነገሩ ተቀየረ። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይወሰዳል፤ ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲሆን ይበልጥ ይሠራል። ክሬም ብቻውን ሥሩ ድረስ አይዘልቅም። ጭርቱ መግል የቋጠረ እብጠት ቢመስልም አይበጣም።

ለፎረፎር የተለመደው ኬቶኮናዞል የሚባል የፈንገስ መድኃኒት 2 በመቶ ያለበት ሻምፑ ነው። ሉጫ ፀጉር በሳምንት ሁለቴ ቢታጠብ አይከፋም። ከርዳዳ ፀጉር ግን ቶሎ ደርቆ ስለሚሰበር የአሜሪካ የቆዳ ሐኪሞች ለጥቁሮች በሳምንት አንዴ ይላሉ። ፀጉሩ ተከፍሎ ሻምፑው ቆዳው ላይ 5 ደቂቃ ያህል ይቆያል። በጥቁር ቆዳ ላይ ብግነቱ እንደ ሕክምና መጽሐፍ ሥዕል ቀይ አይሆንም፤ ነጣ ወይም ጠቆር ያለ ምልክት ነው የሚታየው።

የቅቤ ነገር ያከራክራል። ፎረፎርን የሚያባብሰው ፈንገስ ቅባት ስለሚመገብ ፎረፎር ላለበት አይመከርም የሚሉ አሉ። ጫፉን ለማለስለስ ግን የእናቶቻችንን ቅቤ የሚያህል የለም።

ጠብቆ የተሠራ ሹሩባና በላዩ የሚሰፋ ሂውማን ሄር ፀጉርን ከግንባር ዳርና ከጆሮ ፊት ያሳሳል። ቶሎ ከተፈታ ይመለሳል። ዓመታት ከቆየ ቆዳው ጠባሳ ይይዝና አይበቅልም። ወንዶች ደግሞ ማጅራታቸውን በምላጭ ሲያስላጩ ጠጣር እብጠት ያወጣባቸዋል። ለእነሱ የመጀመሪያው ሕክምና ምላጩን ማቆም ነው።