ካምፐር ሳይገዙ መከራየት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ኅዳር ላይ ለአንድ ጋራዥ ቀብድ ልከፍል ትንሽ ነበር የቀረኝ። ሐሳቤ አባዱላ ሚኒባስ ገዝቼ ወንበሮቹን ማስነሳት፣ አልጋና ምድጃ ማስገባት፣ ከዚያም ልጆቼንና እናቴን ይዤ አገር ማየት ነበር። ባለቤቴ ግን «መጀመሪያ ተከራይተን አንድ ሁለቴ እንደርበት» አለች። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ተከራይተን ወጥተናል፤ ቀብዱም እስካሁን ኪሴ ነው። ይህንኑ ሐሳብ ከያዙ ጓደኞቼና ዘመዶቼ ጋር ስንጫወት ደግሞ እኔ ራሴ የነበሩኝን ግምቶች መልሼ እሰማቸዋለሁ። «የቤት መኪና» ስንል የግል አውቶሞቢል ማለታችን ስለሆነ፣ ተኝተውበትና አብስለውበት የሚጓዙበትን መኪና እዚህ ካምፐር እለዋለሁ።

«ለኪራይ የሚወጣ ብር የባከነ ብር ነው»

የእህቴ ባል ያለኝ ይህንኑ ነው፦ «ያንን ብር ለመግዣው አትጨምረውም?» እኔም አምኜው ነበር፤ የማድርባቸውን ሌሊቶች እስክቆጥር ድረስ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ተቀጣሪ በመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት የሚያገኘው የዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመርለታል። ከዚህ ላይ ለለቅሶ፣ ለሠርግ፣ ለልጅ ትምህርት ቤት ጉዳይ የሚሄደውን ቀንሱ። የኔ ሒሳብ ከነቅዳሜና እሑዱ 15 ሌሊት ላይ ቆመ። የቀረውን 350 ሌሊት መኪናው ቆሞ ያድራል። ቆሞ ሲያድር ደግሞ ዝም ብሎ አያድርም፤ ኢንሹራንሱ፣ ቦሎው፣ የጥበቃው ክፍያ ይቀጥላል፤ ባትሪው ይደክማል፣ ጎማው ፀሐይ ይመታዋል። እነዚህን በሙሉ ደምራችሁ ዋጋው በዓመት ከሚቀንሰው ጋር ለምታድሩባቸው ሌሊቶች አካፍሉት። የሚወጣውን ቁጥር ከአንድ ሌሊት ኪራይ ጋር ስታስተያዩት የትኛው ብር እንደሚባክን ይታያችኋል። በዓመት 60 እና 70 ሌሊት ውጭ የሚያድር ሰው ሒሳቡ ይለያል፤ እሱ ቢገዛ አልፈርድበትም። ግን መጀመሪያ ቁጠሩ።

«አንድ ሌሊት ላንጋኖ ካደርኩ ይበቃኛል»

ብዙ ገንዘብ የሚያስከፍለው ስህተት ይህ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ላውራበት። ላንጋኖ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱ አስፋልት፣ አየሩ ለስላሳ። እዚያ አንድ ሌሊት የማይመች መኪና የለም።

እኛ መጀመሪያ የሄድነው ታኅሣሥ ላይ ባሌ ተራሮች፣ ዲንሾ ነው። ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ከፍታው ወደ 3,100 ሜትር ይጠጋል። በዚያ ወር ሰማዩ ጥርት ስለሚል የቀኑ ሙቀት በሌሊት ሽቅብ ይሄድና ንጋት ላይ ሣሩ ውርጭ ለብሶ ይገኛል። ጠዋት ቡና ለማፍላት ምድጃውን ስለኩስ እሳቱ ተኮራመተ። ቡቴን የሚባለው ጋዝ ወደ ዜሮ ዲግሪ በተጠጋ ብርድ ከፈሳሽነቱ አልነሳም ይላል፤ ሲሊንደሩ ሙሉ ሆኖ ምድጃው ይሞታል። ውሃው ሲፈላም በ90 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ምስሩ አልበስል ብሎ ረፋድ ሆነ። ከዲንሾ አልፈን 4,000 ሜትር ላይ ወዳለው ሳነቴ ስንወጣ ሞተሩ ማቃሰት ጀመረ። ቱርቦ (አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ አሥር በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል፤ አዲስ አበባ ላይ ሳለ ሩቡን ያህል አጥቷል፣ ሳነቴ ላይ አርባ በመቶውን። ላዩ ላይ አልጋ፣ ቁምሳጥንና ውሃ ሲጫንበት ዳገቱን እንዴት እንደሚገፋው አስቡት።

ሁለተኛው ጉዞ ሚያዝያ ላይ ወደ አዋሽ ፓርክ ነበር፤ ከ1,000 ሜትር በታች ያለ፣ ሙቀቱ የሚያፍን ቦታ። እዚያ ያስቸገረን ፍሪጁ ነው። በመኪና ባትሪ የሚሠራ ትንሽ ፍሪጅ ለብ ባለ አየር በቀን ከ30 እስከ 50 አምፒር ሰዓት (የባትሪ አቅም መለኪያ ነው) ሊበላ ይችላል፤ በሙቀት ደግሞ አያርፍም። ባለ 100 አምፒር ሰዓት የአሲድ ባትሪ ሳይጎዳ ሊሰጠን የሚችለው ግማሹን ብቻ ስለሆነ በማግስቱ ሥጋችንን አበስለን ጨረስነው። የሊቲየም ባትሪ አብዛኛውን አቅሙን ይሰጣል፤ ዋጋው ግን ሌላ ነው። ይህንን ሁሉ ላንጋኖ አይነግራችሁም። አንዱን ጉዞ ብርድ ላይ፣ ሌላውን ሙቀት ላይ አድርጉት፤ ሁለቱም ከሦስት ሌሊት ባያንሱ እመክራለሁ፤ ድካሙም ንትርኩም የሚጀምረው ከሁለተኛው ሌሊት በኋላ ነውና። መንገድ ከመምረጣችሁ በፊት በዚያ ሰሞን የሄዱ ሾፌሮችን ስለ ጸጥታው ጠይቁ።

«የተከራየሁት ምንም ይሁን ምን ልምዱ አንድ ነው»

አዲስ አበባ ላይ በቀላሉ የሚገኘው ጣሪያው ላይ ድንኳን የተጫነ ላንድክሩዘር ነው፤ ብዙ ጊዜም ከነሾፌሩ ይከራያል። ለመንገዱ ግሩም ነው። እኛ ስንከራየው ግን እናቴ ወደ ድንኳኑ በሚያወጣው መሰላል መውጣት አልቻለችም፤ ሁለቱንም ሌሊት የኋላ ወንበር ላይ ተጠቅልላ አደረች፤ «ደህና ነኝ ልጄ» እያለች። ያንን ቃል ስሰማ አንጀቴ ተላወሰ። ልገዛ ላሰብኩት አባዱላ ይህ ጉዞ መልስ አልነበረውም፤ በውስጡ መቆም ይቻላል ወይ፣ ዝናብ ሲዘንብ አምስት ሰው የት ይቀመጣል፣ ሌሊት ለሽንት የሚነሳ ሰው ስንቱን ይረግጣል? ልክ የምትገዙትን ዓይነት የሚያከራይ ካላገኛችሁ ባዶ ሚኒባስ ተከራዩና ፍራሽ አንጥፋችሁ እደሩበት። ሾፌር ሲኖር እሱም የሚያድርበት ቦታ ይፈልጋል፤ ይህ ይረሳል።

«አባዱላ ገዝቶ ማስቀየር ይረክሳል»

ሊረክስ ይችላል፤ ግን ማንም የማያነሳቸው ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛው ሊብሬው ነው፦ የመኪናውን ዓይነትና የሰው ልኩን ይናገራል፤ ወንበር አንስታችሁ አልጋ ስታስገቡ መኪናውና ወረቀቱ ይለያያሉ፤ ጥያቄው ለቦሎ ምርመራ ስትቀርቡ ይመጣል። ብየዳ ከመጀመሩ በፊት መንገድ ትራንስፖርት ሄዳችሁ ጠይቁ፤ መንጃ ፈቃዳችሁም ለመኪናው የሚሆን ደረጃ መሆኑን እዚያው አረጋግጡ። ሁለተኛው ክብደት ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፤ አምስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 100 ኪሎ ይሆናል፤ እንጨቱና ባትሪው ገና አልተቆጠሩም።

ሦስተኛው እሳት ነው። እባካችሁ፣ በተዘጋ መኪና ውስጥ ከሰል አታቀጣጥሉ፤ ለማብሰልም፣ ለሙቀትም፣ ለቡናም ቢሆን። የከሰል ጭስ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። መስኮት ገርበብ ማድረግ አያድንም። ምድጃችሁ ውጭ ይሁን።

«የሚከራይ መኪና ሁልጊዜ የተፈተሸ ነው»

ጎማው ጎን ላይ አራት አሃዝ ፈልጉ። 2319 የሚል ካያችሁ በ2019 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው ማለት ነው። ጥርሱ ደህና ቢሆንም ያረጀ ጎማ ይፈነዳል። ለትርፍ ጎማውም እንዲሁ አድርጉ። ኢንሹራንሱ ሦስተኛ ወገን ብቻ ይሁን ወይም ሙሉ፣ ለግጭት የመጀመሪያውን ክፍያ ማን እንደሚሸፍን፣ በቀን የተፈቀደው ኪሎ ሜትር ስንት እንደሆነ ውሉ ላይ በጽሑፍ ይስፈር።

«ከተከራየሁ የሚቀረኝ ጥያቄ የለም»

ኪራይ የማያሳየው ነገር መኪናው ሰኞ ጠዋት የት እንደሚቆም ነው፤ ለአከራዩ መልሳችሁት ትገባላችሁና። መሀል ከተማ ለምንኖር ሰዎች ትልቁ ጥያቄ ይህ ሊሆን ይችላል። ፒያሳም ሆነ ቦሌ የሕንፃ ምድር ቤት ፓርኪንግ የሚሠራው ለአውቶሞቢል ቁመት ነው፤ በጣሪያው ላይ ሳጥንና ድንኳን ያለው መኪና አይገባም። እኛ የምንኖረው ግንፍሌ አካባቢ ኮንዶሚኒየም ነው። ባለፈው ቅዳሜ ከግቢው ጥበቃ ጋር ሆነን በሩ ላይ ያለውን ብረት በሜትር ለካነው፤ 2 ሜትር ከ10 ሆነ። ጣሪያው ከፍ ያለው ሚኒባስ ምንም ሳይጫንበት ወደ 2 ሜትር ከ28 ነው።

በዚህ ሳምንት ለጋራዡ ደውዬ ለጊዜው እንደማልቀጥል ነገርኩት። ነሐሴ ላይ ሦስተኛ ጊዜ እንከራያለን፤ በዝናብ አላየነውም። እናቴ ተኝታ የምታድርበት ሚኒባስ ፍለጋ ጀምሬያለሁ።