ኢንኮግኒቶ ከማን ይደብቃል?

ጥፋቱ የዚያ ኮፍያና መነጽር ያደረገ ምልክት ይመስለኛል። ስልኩ ላይ ኢንኮግኒቶ (ክሮም ብሮውዘር ያያችሁትን ሂስትሪ ላይ ሳያስቀር የሚከፍተው ታብ) የከፈተ ሰው ሁሉ የተሰወረ ይመስለዋል። የቢሮ ኔትወርክ ላይ ነው የምሠራው፤ “ኢንኮግኒቶ ነው የተጠቀምኩት፣ ማን ያየኛል?” ሲሉኝ መስማት ሰልችቶኛል።

ስለ ኢንኮግኒቶ ከሚወሩት የተሳሳቱ ነገሮች ትንንሾቹን ቶሎ እንለፋቸው። ከቫይረስ ይከላከላል? አይከላከልም። ዳታ ይቆጥባል? በጭራሽ። እንዲያውም ቀድሞ የተቀመጠውን ስለማይጠቀም ገጹን ከባዶ ያወርደዋል። ቪፒኤን (መስመራችሁን በሌላ ሰርቨር አሳልፎ አድራሻችሁን የሚደብቅ) ነው? አይደለም፤ አይፒ አድራሻችሁ (ኢንተርኔት ላይ የምትታወቁበት ቁጥር) ያው ነው።

አሁን ወደ ዋናው፦ “ማንም አያየኝም።”

ኢንኮግኒቶ የሚሠራው ስልካችሁ ውስጥ ብቻ ነው። የኢንኮግኒቶ ታቦችን በሙሉ ስትዘጉ ሂስትሪውን፣ ኩኪውን (ድረ ገጾች እናንተን ለማስታወስ ስልካችሁ ላይ የሚያስቀምጡትን መረጃ) እና ፎርም ላይ የሞላችሁትን ያጠፋል። በቃ። ከስልኩ የወጣው ነገር ግን በቢሮው ዋይፋይ፣ ወይም በኢትዮ ቴሌኮም፣ ወይም በሳፋሪኮም መስመር ማለፉ አይቀርም። የዛሬ ድረ ገጾች አብዛኞቹ ኤችቲቲፒኤስ (የሚላላከውን በምስጢር የሚቆልፍ ዘዴ) ስለሚጠቀሙ ገጹ ላይ ያነበባችሁት አይታይም። የድረ ገጹ ስም ግን አብዛኛውን ጊዜ ይታያል። ታቡ ጥቁር ይሁን ነጭ ራውተሩ ምን አገባው!

አንድ ባልደረባዬ በቢሮ ዋይፋይ ሌላ ሥራ ያፈላልግ ነበር። በኢንኮግኒቶ፣ ያውም ስክሪኑን በእጁ ከልሎ። አንድ ቀን ኢንተርኔቱ ተንቀራፈፈና ማን እየጨረሰው እንደሆነ ለማየት ሎጉን (ኔትወርኩ ማን ምን እንደከፈተ የሚመዘግብበትን) ከፈትኩ። የሥራ ማስታወቂያ ድረ ገጾች ስም ከላይ እስከ ታች ተደርድሯል። ጎኑ ላይ የስልኩ ስም አለ፤ እሱ ደግሞ ስልኩን የሰየመው በራሱ ስም ነው። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ጠርቼው “ወንድሜ፣ ለዚህ ለዚህ በራስህ ዳታ ተጠቀም” አልኩት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? “ኢንኮግኒቶ እኮ ነው!”

ክሮም ራሱ ኢንኮግኒቶ ስትከፍቱ በሚመጣው ገጽ ላይ አሠሪያችሁ፣ ትምህርት ቤታችሁና ኢንተርኔት አቅራቢያችሁ ሊያዩ እንደሚችሉ ጽፎታል። ያንን ጽሑፍ ያነበበ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

“ጉግል ግን አያውቅም” የሚሉም አሉ። በ2020 አሜሪካ ውስጥ ሰዎች ጉግልን ኢንኮግኒቶ እየተጠቀምን መረጃችንን ሰበሰበ ብለው ከሰሱት። ጉዳዩ በስምምነት አለቀ፤ በ2024 ይፋ በሆነው ውል መሠረት ጉግል በቢሊዮን የሚቆጠሩ መዝገቦችን ሊያጠፋና ማሳሰቢያውን ሊያስተካክል ተስማማ። ለነገሩ ኢንኮግኒቶ ከፍታችሁ ጂሜል ወይም ፌስቡክ ውስጥ ከገባችሁ ራሳችሁን በስማችሁ አስተዋውቃችኋል፤ ሌላ ሰላይ አያስፈልግም።

ዳውንሎድ ያደረጋችሁትም አይጠፋም። ፒዲኤፉ ዳውንሎድ ፎልደር ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቃችኋል። ታቡንም ሳትዘጉ ወደ ሌላ አፕ ብትሄዱ ገጹ እንደተከፈተ ነው። ክሮም ላይ የኢንኮግኒቶ ታቦችን በጣት አሻራ መቆለፍ ይቻላል፤ አይፎን ላይም ከአይኦኤስ 17 ጀምሮ የሳፋሪ የግል (ፕራይቬት) ታቦች በፌስ አይዲ፣ ማለትም ፊትን በመለየት፣ ይቆለፋሉ። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ አብሩት።

ደግሞ በትዳር ጓደኛው ስልክ ላይ ኢንኮግኒቶ ተከፍቶ አይቶ ቤት የሚያተራምስ አለ። ተዉ እንጂ! ሰው ስለ ኪንታሮት ሲያነብም ይከፍተዋል።

እኔ በብዛት የምከፍተው በሰው ስልክ ነው። ባትሪዬ ሲያልቅ የጓደኛዬን ስልክ እቀበልና ኢሜይሌን በኢንኮግኒቶ አያለሁ፤ ፓስወርዴ እዚያ አይቀመጥም፣ የእሱም አካውንት ከእኔ ጋር አይደባለቅም። እናንተም እንደዚያ ስታደርጉ መጀመሪያ ከአካውንታችሁ ውጡ። ከዚያ ስልኩን ከመመለሳችሁ በፊት አንድሮይድ ላይ ከላይ በሚመጣው ማሳወቂያ የኢንኮግኒቶ ታቦችን በሙሉ ዝጉ።