እሳቱ «በቁጥጥር ስር ዋለ» ሲባል

በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ጓሳ ወይም በወፍ ዋሻ ደን በኩል ሰደድ እሳት ተነሥቶ በሬዲዮ «በቁጥጥር ስር ዋለ» ቢባል፣ ጠፋ ማለት አይደለም። ዙሪያው ተከቧል፣ ከዚያ መስመር እንዳያልፍ ተደርጓል ማለት ነው እንጂ ውስጡ ገና ሊነድ ይችላል። በተለይ የጓሳ ሣርና የአስታ (የደጋ ቁጥቋጦ) ሥር አያስተማምንም፤ ላዩ አመድ መስሎ ሥሩ ሲጨስ ያድርና፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ እንደገና ይቀጣጠላል። ስለዚህ «ሙሉ በሙሉ ጠፋ» እስኪባል ድረስ ከብቱን ወደዚያ አትልቀቁ፤ እረኛ ልጆችንም እንደዚሁ። ቤታችሁ ከእሳቱ በላይ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አትዘናጉ፦ እሳት ቁልቁል ከሚወርደው ይልቅ ሽቅብ ሲወጣ ይፈጥናል። በጭድ ክምሩና በሣር ክዳኑ ዙሪያ ያለውን ደረቅ ሣር አጭዳችሁ አንሡ፤ ይህ እንኳ እሳት እስኪመጣ ባይጠበቅ ይሻላል።